ለሞተ ሙሽራ ሽምግልና

ስቶክሆልም ውስጥ ልጅ ሲዳር የሚጠየቀው ጥያቄ ከአገር ቤቱ ብዙም አይለይም፤ ቅደም ተከተሉ ብቻ ተቀያይሯል። አገር ቤት «የማን ልጅ ነው?» ይቀድማል። እዚህ «ቤቱ ፎርስታሃንድ ነው?» ይቀድማል። ፎርስታሃንድ ማለት በራስ ስም የተያዘ የኪራይ ቤት ነው፤ ያለው ሰው ጥርሱ ቢረግፍም ቆንጆ ነው፣ የሌለው ደግሞ መልአክ ቢሆን እንኳ ክንፉን አጥፎ ሰው ሶፋ ላይ ያድራል። ይህን የምላችሁ ከሜዳ ተነሥቼ አይደለም። ከመምህርነት ጡረታ ከወጣሁ ወዲህ ዋና ሥራዬ ሽምግልና ሆኗል። ለዚሁ ብቻ የምለብሰው ጥቁር ሱፍ አለኝ። ሱፌን ለብሼ ፔንደልቶግ የሚሉትን የከተማ ባቡር ስጠብቅ ያዩኝ ያገሬ ሰዎች ሁለት ዓይነት ናቸው፤ ግማሾቹ «ማን ሊያገባ ነው?» ይላሉ፣ ግማሾቹ «ማን ሞተ?» ይላሉ። ባለፈው በጋ ሁለቱም ጥያቄ ልክ የሆነበት ጉዳይ ገጠመኝ።

ነገሩ የፈለቀች ነው። ፈለቀች ሻርሆልመን ውስጥ የጥርስ ሐኪም ረዳት ናት። ባሏ ከሞተ ብዙ ዓመት ሆኖታል፣ ልጅ አልወለደችም። የሰው አፍ ስታይ ስለምትውል ይመስለኛል፣ ራሷ ብዙ አትናገርም። ከሥራ ወጥታ ባዶ ቤት መግባቱ ሲከብዳት፣ ወደ ከተማው ወደብ መሄድ ለመደች። እዚያ አንድ አሮጌ መርከብ ቆሟል፤ በደጉ ዘመን ስዊድናውያንን ጭኖ ውቅያኖስ እያቋረጠ አሜሪካ ያደርስ የነበረ፣ ባለ ብዙ ፎቅ መርከብ። በዚህ አገር ሰው ሲያረጅ መጦሪያ ይገባል፣ መርከብ ሲያረጅ ካፌ ይሆናል።

አንድ ቀን መጸዳጃ ቤት ስትፈልግ ጠፍታ የቴሌግራፉን ክፍል በር ከፈተች። ሰማያዊ የደንብ ልብስ የለበሰ፣ ቁልፎቹ የሚያብረቀርቁ ሰው ብድግ ብሎ ተቀበላት። ሲክስተን ይባላል፣ የመርከቡ ቴሌግራፍ ሠራተኛ ነው። ወንበር ሳበላት፣ ሄል የገባበት፣ ቡሌ የሚሉትን ጣፋጭ ዳቦ አቀረበላት። ዳቦው ከመቶ ዓመት በፊት የተጋገረ ነው፤ ሙቀቱ ግን አልወጣም። ሲጨባበጡ እጁ በረዶ ነበር፤ ይህም አላስጠረጠራትም፣ እዚህ አገር በኅዳር ስንት ሕያው እጅ ጨብጣለች! ሙት መሆኑን ያወቀችው ከራሱ አፍ ነው። ከብዙ ምሽት ጨዋታ በኋላ አንገቱን ደፍቶ «የደበቅሁሽ ነገር አለ» አላት። ሚስት አለኝ ሊል ነው ብላ ክው አለች። መሞቱን ስትሰማ እፎይ አለች።

ከዚያ ለእኔ ስልክ ደወለች።

«ጋሼ፣ ሽማግሌ ይሁኑልኝ።»

«ሽማግሌ የሚልከው ወንዱ ነው እኮ፣ ልጄ። ዘመድ የለውም?»

«ሁሉም ሞተዋል።»

«ነፍሳቸውን ይማር። እሱስ ደኅና ነው?»

«እሱም ሞቷል።»

 ሽማግሌ ግራ ሲገባው ወደሚያውቀው ጥያቄ ይመለሳል።

«ይጠጣል?»

«ከሞተ ወዲህ ትቷል።»

«ቤትስ?»

«ካቢን አለው። በስሙ ነው።»

ከዚህ ወዲያ ምን እላለሁ? ስንቱን ሕያው ወንድ ይህን ሳያሟላ ድሬዋለሁ።

ችግሩ ሌላ ነበር። መርከቡ ተሸጧል። ቅዳሜ ቀትር ላይ ጎታች ጀልባ መጥታ ወደ አንድ የፊንላንድ ወደብ ትወስደዋለች፣ ተመልሶ አይመጣም። ሲክስተን ደግሞ ከመርከቡ መውረድ አይችልም። ፈለቀች አብራው ለመሄድ ቆርጣለች፤ ግን ያለ ወንድሟ ምርቃት እግሯን አታነሣም። አባት ሆኖ ያሳደጋት እሱ ነው፤ ወደዚህም ያመጣት እሱ ነው። ወንድሟ እንቢ ካለ ትቀራለች፤ ከቀረች ደግሞ ቀሪ ዘመኗን ከሥራ መልስ ባዶ ውሃ ስታይ ልትኖር ነው።

ከጋሽ ሙሉጌታ ጋር ሆነን ሱፋችንን ለበስን። ሙሉጌታ ዮርድብሩ መጋዘን ውስጥ ፎርክሊፍት ሲነዳ ኖሮ ጡረታ የወጣ፣ ከባድ ነገር ማንሣት የማይፈራ ሽማግሌ ነው። የሄድነው ሶለንቱና፣ ዶክተር አያሌው ዘንድ ነው። የፈለቀች ወንድም አያሌው በተማሪነት መጥቶ ዕድሜውን ሙሉ የወንዞችን ፍሰት ያጠና ምሁር ነው። የድሮ ጓደኛዬ ነው፤ ግን በሽምግልና ቀን አንቱ እንባባላለን።

ቆመን ጉዳያችንን ተናገርን። ሰምቶ ሲያበቃ መነጽሩን አወለቀ።

«መሞቱን ነግራኛለች። ጉድለት የሌለበት ሰው የለም» አለ። «እኔ የምጠይቀው የማን ልጅ እንደ ሆነ ነው።»

ሙሉጌታ ተዘጋጅቶበት ነበር። አስቀድሞ መርከቡ ድረስ ሄዶ ሲክስተንን ሰባት ቤት አስቆጥሮታል። ሙሽራው መካከል ላይ አንድ ቅድመ አያት ጠፍቶበት ቢደናቀፍ፣ «አንድ ጊዜ» ብሎ ሄዶ ቅድመ አያቱን ራሳቸውን ጠይቆ ተመለሰ። ሙት መሆን ለዘር ቆጠራ እንዲህ ይበጃል፤ ምስክሮቹ በሙሉ እዚያው ናቸው። ሙሉጌታ የጎትላንድ ደሴት ዓሣ አጥማጆችን እስከ ሰባተኛው ወረደለት፣ አያሌው የይፋት ባላባቶችን እስከ ሰባተኛው ወረደልን። ዘመድ አለመሆናቸው ሲረጋገጥ ሁላችንም ከልባችን ደስ አለን።

«እንግዲህ» አለ አያሌው፣ «ከዘመድ ልምከርበትና በወሩ ተመለሱ።»

በዚህ አገር ያለችው አንድ ዘመዱ ፈለቀች ናት። ግን ልማዱን ታውቁታላችሁ፤ ለሽማግሌ በመጀመሪያው ቀን እሺ አይባልም። በመጀመሪያው ቀን እሺ የተባለባት ልጅ፣ ቤተሰቦቿ በር ከፍተው ሲጠብቁ የኖሩ ይመስልባታል።

«መርከቡ ቅዳሜ ይሄዳል እኮ» አልኩ።

«ሲሮጡ የታጠቁት ሲሮጡ ይፈታል።»

«ሰውየው መቶ ዓመት ጠብቋል!»

«እንግዲያው አንድ ወር አያቅተውም።»

ወጣን። ሊፍቱ ምድር ሲደርስ ሙሉጌታ አልወረደም፤ መልሶ የላይኛውን ቁልፍ ተጫነው። «ደጅ ረግጦ መመለስ ሁለተኛ መምጣት ነው» አለ። ደወልን። አያሌው ከፈተና አየን፤ ፊቱ ላይ ምንም አልተነበበም።

«እንደምን ከረማችሁ?» አለን። «ወሩ እንዴት አለፈ?»

«እግዚአብሔር ይመስገን» አልን።

ማዕድ ካልቀረበ አለና ፍሪጁን ከፈተ። ውስጡ በየሣጥኑ የተደረደረ ወጥ ሞልቶታል፤ የፈለቀች እጅ ነው፣ እሑድ እሑድ ይዛለት የምትመጣው። አንዱን ሣጥን አነሣና እዚያው ቆሞ ቀረ።

«ዘመድም የለኝ፣ የምመክረውም የለም» አለ ጀርባውን እንዳዞረ። «እሷ ስትሄድ ከማን ጋር አወራለሁ? ስለ ውሃ ሳወራ የምትሰማኝ እሷ ብቻ ናት። አይገባትም፤ ግን ትሰማኛለች። ብቻዬን መቅረት ፈርቻለሁ።»

አንጀቴን በላው። በልማድ የሚከራከረን መስሎኝ ስናደድበት ነበርና፣ አሁን ልክ ነዎት ብዬ ልወጣ ምንም አልቀረኝ። ደግነቱ ሙሉጌታ ነበር። «እንግዲያው እሺ አይበሉን» አለው። «ቅዳሜ ግን ሰውየውን በዓይንዎ ይዩት።»

ቅዳሜ ረፋዱ ላይ ሦስታችን መርከቡ ላይ ወጣን። ካፌው ተዘግቷል፣ ወንበሮቹ ተነሥተዋል። ሲክስተን ግን የአዳራሹን በር ሲከፍትልን ውስጡ በሰው ተሞልቶ ጠበቀን፤ ባርኔጣ፣ ላባ፣ ዳንቴል፣ ሙዚቃ። የዚያ ዘመን ተሳፋሪዎች በሙሉ ለሲክስተን እጮኛ ቤተሰብ ክብር ተነሥተዋል። ስቶክሆልም በበጋ ጨለማ የላትም፤ መናፍስቱም እንደ ሌላው ሠራተኛ የቀን ፈረቃ ለምደዋል። ሲክስተን አያሌው ፊት ቀርቦ እጅ ነሣ። ፈለቀች ሻንጣዋን አስቀምጣ፣ ሁለት እጆቿን አጣምራ፣ የወንድሟን ዓይን ታያለች።

አያሌው ጉሮሮውን ጠረገ። ሊናገር ሲል አስትሪድ የምትባል፣ ፀጉሯ የሸበተ፣ ባለ ላባ ባርኔጣ ሟች ወይዘሮ ጠጋ ብላ ሥራው ምን እንደ ሆነ ጠየቀችው።

«ወንዝ ነው የማጠናው» አላት በስዊድንኛ።

«የትኛውን ወንዝ?»

ጡረታ ከወጣ ወዲህ ይህን የጠየቀው ሰው የለም። የአያሌው ፊት በራ። ወንበር ሳበላትና ከዓባይ ጀመረ። እሷ እጇን አገጯ ላይ አድርጋ ትሰማለች፤ ይባስ ብላ ትጠይቃለች። የጎታቹ ጀልባ ጡሩንባ ሲነፋ ፈለቀች ሄዳ ከወንድሟ እግር ላይ ወደቀች። ደንግጦ አነሣት፣ አቅፎ አለቀሰ፣ የሲክስተንንም ቀዝቃዛ እጅ ይዞ አስጠጋውና «ውለዱ ክበዱ!» ብሎ መረቃቸው። ሙሽሪት ወደ ስልሳ ተጠግታለች፣ ሙሽራው ደግሞ ሞቷል። እኛ ግን አሜን አልን፤ ምርቃት አይመረጥም።

እኔና ሙሉጌታ እየተንደረደርን ወረድን። መሰላሉ ተነሣ። ዞር ስንል አያሌው የለም፤ ለካ ተመልሶ አስትሪድ አጠገብ ተቀምጧል።

«ውረድ እንጂ!» ብዬ ጮኽኩ፤ አንቱታው ቀረ።

በመስኮቱ ብቅ ብሎ እጁን አወዛወዘልን። «ገና ከጣና አልወጣሁም!» አለ።

ክረምት ሳይገባ ከፊንላንድ ስልክ መጣ። አያሌው ነው። ድምፁ እንደ ጎረምሳ ድምፅ ይንቀጠቀጣል። «ሽማግሌ ሁኑልኝ» አለ። ሱፋችንን ለብሰን ባሕሩን ተሻገርን። ፈለቀች ጉንጯ ሞልቶ፣ አማርኛዋ በዝቶ፣ እየሳቀች ተቀበለችን፤ ሲክስተን ቡሌውን ይዞ ከኋላዋ ቆሟል። ደስታዋን ሳይ ሱፌ ጠበበኝ። ነገራችን ግን ከአስትሪድ አባት ጋር ነበር። እሳቸው በጉልምስና የሞቱ እንጨት ነጋዴ ናቸው፤ እሷ ሸምግላ ስለ ሞተች ልጅ ከአባቷ ትበልጣለች። ቢሆንም አባት አባት ነው። ቆመን፣ የይፋትን ባላባቶች እስከ ሰባት ቤት ቆጠርንላቸው። ጢማቸውን እያሻሹ በትዕግሥት ሰሙን።

«ዘሩ መልካም ነው» አሉ። «የተማረም ነው። ቅሬታዬ አንድ ብቻ ነው፤ ሰውየው በሕይወት አለ። እኔ ደግሞ ልጄን ለሕያው አልሰጥም።»

አያሌው በሩ ሥር ቆሞ ይሰማል፤ ቀልጦ ሊፈስ ደረሰ። ሙሉጌታ ግን ሽማግሌ ነው፣ በዚህ አይደናገጥም።

«ጌታዬ» አላቸው ጎንበስ ብሎ፣ «እሱ እንኳ በጊዜ የሚስተካከል ነው።»

ሰውየው አሰቡ። ፊታቸው ፈታ አለ። «እንግዲያው ጥሩ» አሉ፣ «እስከ መጪው መስከረም ይድረስልን።»

አያሌው ብቅ አለ። «ኧረ» አለ፣ «ምን አስቸኮለን?»