ተጠባባቂው አባት

ሌሊቱን ያየሁት ሕልም የሚጀምረው እኛ ቢሮ ውስጥ ነው። ጠረጴዛዎቹ ተነሥተው አልጋ ተዘርግቷል፤ የሒሳብ ክፍል ባልደረቦቼ ከነከረባታቸው ተጋድመዋል። አለቃችን ወይዘሮ አስካለ በየአልጋው እየዞሩ ብርድ ልብስ ያለብሱናል።

«ወይዘሮ አስካለ፣ ቤት ደርሼ ልምጣ?» አልኳቸው።

«መንበሩ፣ ቤትህ እዚህ አይደል እንዴ?» አሉኝ እግሬን እየሸፈኑ። «እሺ ሂድ። ከዓመት ፈቃድህ ላይ ይታሰባል።»

ወጣሁ። ታክሲ ተራው ላይ ሚኒባሶች ተሰልፈው ሰው ይጠብቃሉ። የፊተኛዋ በሯን ከፍታ «ወንድሜ፣ ከጠዋት ጀምሮ ቆሜያለሁ፤ እባክህ ግባልኝ» አለችኝ። አሳዘነችኝና ገባሁ። እየመረቀችኝ ቱሉ ዲምቱ አደረሰችኝ።

የኮንዶሚኒየማችን በር ክፍት ነበር። ባለቤቴ ወይንሸት ሳሎን ውስጥ ጠረጴዛ ይዛ ተቀምጣለች። ቀና ብላ አየችኝ።

«ምን ነበር ጉዳይዎ?»

«አባት ነኝ። የዚህ ቤት አባት።»

«ቦታው ተይዟል» አለችና ወደ ሶፋው ጠቆመችኝ።

ለፋሲካ የገዛነው በግ ፒጃማዬን ለብሶ፣ እግሩን አጣምሮ ተቀምጧል። ልጄ ናርዶስ ደረቱ ላይ ተደግፋ የቤት ሥራዋን ትሠራለች።

«አይቀየሙኝ፣ ቀምቼዎት አይደለም» አለ በጉ። «ቦታው ክፍት ነበር፤ እኔ ደግሞ ቤት ነው የምውለው። ለጊዜው ተጠባባቂ አባት ነኝ።»

«እኔ በቋሚነት መመለስ እፈልጋለሁ» አልኩ።

«ፈተና አለው» አለች ወይንሸት። «ናርዶስ ስትተኛ የምትፈራው ምንድን ነው?»

የወይዘሮ አስካለን የመኪና ታርጋ በቃሌ አውቀዋለሁ። ይሄን ግን የነገረኝ የለም።

«ጅብ» አልኩ።

ናርዶስ ራሷን ነቀነቀች። አልከፋትም፤ እኔን የከፋኝ እሱ ነው።

«ጣሪያው ላይ ያለው ሮቶ ውኃ ሲገባበት የሚያሰማውን ድምፅ» አለ በጉ።

«ታዲያ ምን ትላታለህ?» ብዬ ጠየቅኩት። የእውነት ማወቅ ፈልጌ ነበር።

«ምንም አልላትም። እስክትተኛ አጠገቧ እቀመጣለሁ።»

ወይንሸት ሐዘኔታ በተቀላቀለበት ድምፅ «ፈተናውን አላለፉም» አለችኝ። «በረንዳው ላይ ግን አንድ ክፍት ቦታ አለ። በጉ የለቀቀው።»

«ቤት መዋል ነው ሥራው?»

«ቀኑን ሙሉ።»

ደስ አለኝ። አንገቴን አዘነበልኩላትና ገመዱን ቀስ ብላ አሰረችልኝ። በመስኮቱ ሦስቱን እያየሁ ቆምኩ። ድንገት ፋሲካ መቼ እንደሆነ ልጠይቃት አፌን ስከፍት ነቃሁ።

ነግቷል፤ እሑድ ነው። ናርዶስ መሐላችን ገብታ ተኝታለች፤ መቼ እንደመጣች አላውቅም። እጄን በላይዋ አሳልፌ የወይንሸትን ትከሻ ነካ አደረግኩ።

«ወይንሸት፣ ዛሬ ሦስታችንም ቤት እንዋል።»

ወይንሸት ባንክ ውስጥ መስኮት ላይ ነው የምትሠራው። ዓይኗን ሳትገልጥ መለሰችልኝ።

«ሲስተም የለም። ከሰዓት በኋላ ይመለሱ።»