እስኪሞላ አይፈታም

(ቆቦ፤ የግንቦት ፀሐይ፤ ከረፋዱ አምስት ሰዓት። መህዲ በግቢው ዛፍ ጥላ ስር የአምስት ወር ልጁን ራዊያን ታቅፎ ይወዛወዛል። ልጅቷ ታለቅሳለች። ሚስቱ አሲያ በማለዳ አጥብታት ሮቢት ለቅሶ ልትደርስ ስትወጣ፣ «እስክመለስ የልጄ ገላ ቅላቱ ካልበረደላት ይዣት ዋጃ እናቴ ዘንድ እገባለሁ» ብላው ነው የሄደችው። ከዋጃ ግመል እየነዳ የመጣው ወንድሟ ታሂር አጠገቡ ቁጢጥ ብሎ የልጅቷን ዳይፐር ያያል። መህዲ አስረኛ ክፍል ጨርሷል፤ ታሂር ፊደል አልቆጠረም። መህዲ ይህን አንድም ቀን ረስቶት አያውቅም።)

መህዲ፦ አትንካው አልኩህ! ገና አልሞላም።

ታሂር፦ ተንጠልጥሎ ጉልበቷ ሊደርስ እኮ ነው።

መህዲ፦ ይድረሳ! የሱቁ ሰውዬ ዓይኔ እያየ ሁለት ብርጭቆ ውሃ ነው ያፈሰሰበት። ወላሂ፣ ጠብ አላለም።

ታሂር፦ ራዊያ ሁለት ብርጭቆ ትሸናለች?

መህዲ፦ ባንዴ ማን አለህ? ቀስ በቀስ ነዋ!

ታሂር፦ ከመቼ ጀምሮ ነው የታሰረላት?

መህዲ፦ ከሱብሂ ሶላት። እህትህማ ቶሎ ቶሎ ልቀይር ትላለች፤ እኔ ነኝ የከለከልኳት። ግማሹን ሳይሠራ ለምን ይጣላል?

ታሂር፦ ቂጧ ግን በርበሬ መስሏል።

መህዲ፦ እሱ የእናቷ ጥፋት ነው። ሚጥሚጣ በላች፣ በጡቷ ወረደ። ዳይፐሩን አትክሰስ። ይሄ እንደ ሌላው እንዳይመስልህ፤ ከቀርከሃ ነው የተሠራው።

ታሂር፦ (ደንግጦ) ቀርከሃ! ለዚች ጭብጥ ለማታክል ልጅ?

መህዲ፦ (ትንፋሹን ወደ ሰማይ እየላከ) ተፈጭቶ! ተነድፎ! እንደ ጥጥ ለስልሶ! ይኸው «ተፈጥሯዊ» ይላል፤ ማንበብ ብትችል ታየው ነበር። ተፈጥሯዊ ነገር ገላ አይጎዳም።

ታሂር፦ ቁልቋልስ?

መህዲ፦ ቁልቋል ምን?

ታሂር፦ እሱም ተፈጥሯዊ ነው። ወተቱን እስኪ ዓይንህ ውስጥ ጠብ አድርገው።

(መህዲ በልቡ «ይሄን ሰውዬ ያሳደገው ሰው ሳይሆን ግመል ነው» አለ። አፉ የተናገረውም ከዚህ ብዙ አልራቀም።)

መህዲ፦ አንተ ከግመል ጋር ውለህ ከግመል ጋር ታድራለህ። ስለ ሕፃን ገላ ማን ጠየቀህ?

ታሂር፦ ግመል ላይ ከጭነቱ ስር እርጥብ ድልዳል አድርገህ ብታውልባት ጀርባዋ ይላጣል። ድልዳሉ ከምን ተሠራ ብላ አትጠይቅም።

መህዲ፦ ልጄን ከግመል ጋር! ያ አላህ፣ ከምን ቤት ነው የተጋባሁት?

ታሂር፦ ዳይፐሩን መች ጠላሁት? ደግ ነገር ነው። ቶሎ ፍታው ነው የምልህ። እምቢ ካልክ አንተው ታጥቀህ እየው።

መህዲ፦ እታጠቃለሁ! እዚህ ክንዴ ላይ! አሲያ እስክትመጣ ካሳከከኝ እኔ መህዲ አይደለሁም። ውሃ አምጣ!

(ታሂር ራዊያን ተቀብሎ ምንጣፍ ላይ አጋደማት። አንድ አዲስ ዳይፐር በውሃ ነክሮ፣ ለግመሎቹ ከያዘው ጨው ቆንጠር አድርጎ ጨመረበት።)

መህዲ፦ ጨው ምን ያደርጋል?

ታሂር፦ ሽንት እኮ ጨው አለው። የሱቁ ሰውዬ በፊትህ ያፈሰሰው ውሃ ነበር፤ እሷ ውሃ አትሸናም።

መህዲ፦ (ክንዱን ዘርግቶ፣ በኩራት) እሰር! ጥብቅ አድርገህ!

(ታሂር አሰረለት። ከዚያ የልጅቷን ዳይፐር ፈታ፣ ለብ ባለ ውሃ አጠባት፣ በለሰለሰ የነጠላ ቁራጭ ሳያሽ ጠብ ጠብ አድርጎ አደረቃት። ሳያስር ተዋት።)

መህዲ፦ ኧረ ምን ጉድ ነው! ልጄን እንደ ፍየል ግልገል ራቁቷን?

ታሂር፦ ነፋስ ይንካት።

(ራዊያ ሁለት ጊዜ ተነፈሰች፣ ዝም አለች። ዓይኗ ተከደነ።)

መህዲ፦ አየህ! ዳይፐሩ ውስጥ ውስጡን ሲሠራ ቆይቶ፣ ይኸው አሁን ተሻላት!

ታሂር፦ ክንድህስ?

መህዲ፦ ክንዴ አማን ነው።

(አማን አልነበረም። ፀሐዩ እየገፋ ሲመጣ በዳይፐሩ ስር ጉንዳን የሚርመሰመስ መሰለው። ቆይቶ ጉንዳኑ መንከስ ጀመረ። መህዲ ቀስ ብሎ ክንዱን ግንዱ ላይ አሸት አደረገ።)

ታሂር፦ እያከክህ ነው?

መህዲ፦ ዛፉን እየደገፍኩት ነው!

ታሂር፦ ዛፉ መች ዘመመ?

መህዲ፦ ዝም በል፣ ላብ ነው። የዚህ አገር ሙቀት!

ታሂር፦ ራዊያስ ሌላ አገር ነው የታሰረላት?

(መህዲ ጥርሱን ነከሰ፣ ተነሳ፣ ተቀመጠ፣ እንደገና ተነሳ። ማሰሪያውን በአንድ እጁ ቢጎትተው፣ ቢጎትተው እምቢ አለው።)

መህዲ፦ ፍታልኝ! ኧረ በአላህ ፍታልኝ! ተቃጠልኩ! ኡኡ!

(ከበሩ ባጃጅ ቆመ። አሲያ ነጠላዋ እየወደቀ ሮጣ ገባች።)

አሲያ፦ ልጄን! ምን አደረጋችኋት? ጩኸቷ አስፋልቱ ድረስ ይሰማል!

ታሂር፦ ቀስ በይ፣ ትቀሰቅሻታለሽ። ልጅቷ ተኝታለች፤ የሚጮኸው አባቷ ነው።

(አሲያ ምንጣፉ ላይ እጇን ዘርግታ የተኛችውን ልጇን አየች፤ ቅላቱ ጋብ ብሏል። ከዚያ ባሏን አየች፤ ታሂር የፈታለት ክንድ ቲማቲም መስሏል፣ ዓይኑ እንባ ሞልቷል።)

መህዲ፦ አሲያ፣ ይሄ እኮ… ምርመራ ነው። ከተማርኩት ተነስቼ…

አሲያ፦ ዋጃ የሚገባ አለ ብዬ ነበር፤ ተነስ፣ ጫማህን አድርግ። ልጄ እዚሁ ታድጋለች። አንተን ግን እናቴ እንደ አዲስ ታሳድግህ።