ስምንት ሲሊንደርና አንድ ፈሪ አባት

ፈሪ ሰው ፈጣን ነገር ለምን እንደሚወድ የሚያስረዳኝ እስካሁን አላገኘሁም። ጎበዝማ ምን ያደርግለታል? በእግሩ ቢሄድም ጎበዝ ነው። እኛ ፈሪዎቹ ግን ኃይለኛ መኪና ባለፈ ቁጥር ቆመን በዓይናችን እንሸኛለን። እኔ ኑሩ፣ ሱዳን ውስጥ ገዳሪፍ ገበያ በርበሬና ሽሮ እየሸጥኩ ያረጀሁት፣ ባለ ሦስት እግሯ ረክሻ ላይ ስሳፈር እንኳ ብረቱን በሁለት እጄ ጨብጬ፣ "ቀስ በል ወንድሜ፣ ቀስ!" እያልኩ ነው ቤቴ የምደርሰው። ሱቄን ቆልፌ ሦስት ጊዜ ተመልሼ ካላየሁ እንቅልፍ አይወስደኝም። እንዲህ ያለ ሰው በስተርጅናው ምን ገዛ ትላላችሁ? ኮፋኖዋ ከመኝታ ቤቴ የሚረዝም፣ ስምንት ሲሊንደር ያላት የድሮ የአሜሪካ መኪና!

መኪናዋን ያመጧት ጦርነቱን ሸሽተው ከካርቱም የመጡ አንድ ጡረተኛ ናቸው። አመጧት ስል በጭነት መኪና አስጎትተው ነው። ከንብረታቸው ሁሉ እሷን ማትረፋቸው ሲገርመኝ ከረመ። በኋላ ለቤንዚኑም ለመለዋወጫውም አቅም ሲያንሳቸው ለእኔ ለቀቁልኝ። የተረከብኳት ዕለት ኮፋኖዋን እንደ ልጅ ራስ ዳበስ አድርገው፣ ደስ የሚላት ስትሮጥ ነውና አደራ እንዳላስራት ለመኑኝ። ኢንሻ አላህ አልኳቸው። በልቤ ግን፣ ደስታዋን እንግዲህ ቆጠብ ታደርጋለች ብያለሁ።

ባለቤቴ ዘሐራ ግቢው መሀል የቆመችውን ብረት አንድ ጊዜ ዞረቻትና፣ "የሙና አባት፣ ዶሮ ቤቱ ከወደቀ ዓመቱ ነው፤ አንተ የብረት ጎተራ ገዝተህ መጣህ?" አለችኝ። 

መካኒካችን ከድር ነው፤ ባለሙያ ስለሆነ ኡስታ ከድር ይሉታል። የጎንደር ልጅ ነው፤ ሙያውን የተማረው ግን እዚሁ በሰሊጥ እርሻ ላይ፣ ትራክተር እየፈታ እየገጠመ ነው። ስለዚህ የዓለም ብልሽት ሁሉ መድኃኒቱ ትራክተር ላይ ይገኛል ብሎ ያምናል። ራዲያተሯ ተበስቶ ነበር፤ የትራክተር አመጣ። የባትሪ ማሰሪያ ጠፋ፤ የትራክተር አመጣ። ኮፋኖዋን ሲዘጋ እንደ ማረሻ ድምፅ ታሰማ ጀመር። ለካርቡራተሩ ብቻ ምንም አላገኘም፤ እሱንም በቤንዚን እያጠበ፣ በጥርስ ብሩሽ እየፈገፈገ ነፍስ ዘራበት። የጥርስ ብሩሹ የማን እንደነበር ዘሐራ በማግስቱ ጠዋት ደረሰችበት።

ከዚህ በኋላ ማሻሻሉ መጣ። ሌላው ሰው አሮጌ መኪና ሲያሻሽል ጉልበት ይጨምርላታል። እኔ ግን አስቡት፣ ስምንት ሲሊንደር እያላት ጉልበት ምን ይጨመራል? እኔ የጨመርኩት ፍሬን ነው። የፊቱ ፍሬን ከተገለበጠ ሚኒባስ የተወሰደ ጠንካራ ፍሬን ሆነ። የእጅ ፍሬኑን ሁለት አደረግኩት፤ አንዱ እንቢ ቢል ሌላው አለ። መስታወት አምስት፣ የእሳት ማጥፊያ ሁለት፣ ክላክስ ደግሞ የጭነት መኪና። ከድር ከመኪናዋ ሥር በጀርባው እንደተኛ፣ በአረብኛ አጎቴ እያለ፣ "ያ ዓም ኑሩ፣ ይህችን መኪና ልትነዳት ነው ወይስ ልታስራት?" ይለኝ ነበር።

እሱ ከሥር ሲሆን ከላይ ወንበሩ ላይ የምትቀመጠው ልጄ ሙና ናት። መድኃኒት ቤት ትሠራለች፤ ከሥራ ስትመለስ ቦርሳዋን ሳታስቀምጥ መሪው ጋ ነበረች። እሱ "ርገጪ!" ሲላት ትረግጣለች፣ "ልቀቂ!" ሲላት ትለቃለች። እኔ ደግሞ በመስኮቱ ቆሜ እንዲህ አትርገጪ፣ እንዲያ አታዙሪ እላለሁ። ስድስት ወር ሙሉ እንዲህ ሠራን።

ችግሩ የመጣው በደስታ ውስጥ ነው። ሙናን ሱዳኖች፣ ደግ ቤተሰብ፣ ለልጃቸው ጠየቁን። ሽማግሌዎቹ በተሰበሰቡበት የልጁ አባት ለሙሽራዋ ጥሩ መኪና እንደሚልኩ ነገሩን። ምን እንደነካኝ አላውቅም፤ ብድግ ብዬ፣ "ልጄን በራሴ መኪና፣ በራሴ እጅ አመጣታለሁ!" አልኩ። ሃያ ዓመት ሙሉ መሪ ያልጨበጠ ሰው! ዘሐራ ከመጋረጃው በስተጀርባ ስታስል ሰማኋት፤ ጉንፋን አልነበረባትም።

ሰርጉ ሰሊጡ ከተሰበሰበ በኋላ ሆነ። በዚያ ወቅት ገዳሪፍ ያላገባ ሁሉ ያገባል። ኒካሁን የሚያስሩት ማእዙን ያን ዕለት ሦስት ሰርግ ነበረባቸው። ወደ ማምሻው ከዐስር ሶላት በኋላ የእኛን በሙሽራው ሰፈር መስጊድ አስረው ወዲያው ገጠር ይወጣሉ፤ የሚመለሱትም በሳምንቱ ነው። የልጅቱ አባት ደግሞ እኔ ነኝ፤ እጄን ለሙሽራው ሰጥቼ "ድሬልሃለሁ" ካላልኩ ጋብቻ የለም። ስለዚህ ሙናን ሙሽራው ቤት ሴቶቹ ዘንድ አድርሼ መስጊድ መድረስ ነበረብኝ። ሰዓቱ ካለፈኝ፣ ድስቱ ተጥዶ፣ ድንኳኑ ተተክሎ፣ ልጄ ሳታገባ ልታድር ነው።

ተነሳን። ከኋላችን ስድስት መኪና ሙሉ እንግዳ፣ ከበሮ፣ እልልታ። እኔ መሪውን ጨብጬ፣ ሙና ከጎኔ፣ ዘሐራ ከኋላ። እዚህ ላይ የአገሩን ወግ ልንገራችሁ፤ የሙሽራ መኪና አይቀደምም። ነውር ነው። ሹፌሩ የፈለገውን ያህል ቢያዘግም ሰልፉ ሁሉ በእሱ ልክ ነው። ይህን ወግ ያወጣው ሰው እኔን አላወቀም።

የነዳጁን መርገጫ በእግሬ አውራ ጣት ጫፍ ነካሁ፤ መኪናዋ አጓራች። ፍሬኑን በሙሉ እግሬ ረገጥኩ፤ ቆመች። ነካሁ፣ ረገጥኩ። ነካሁ፣ ረገጥኩ። ከበሮ መቺዎቹ ምቱን ከእኛ ጋር ለማስማማት ሞክረው ተዉት። ከስድስቱ መኪና ኋላ ረክሻዎች፣ ሚኒባሶች፣ ማሽላ የጫኑ ሎሪዎች ተሰለፉ። ከተማዋን በሙሉ እየዳርኩ ነው የሚመስለው። በመካከሉ አንድ ውኃ ሻጭ በአህያ ጋሪው ከጎናችን ብቅ አለ። እኛን አየ፣ ፈገግ ብሎ "መብሩክ!" አለንና ቀድሞን ሄደ። ስምንት ሲሊንደር በአንድ አህያ ተቀደመ!

ከድር ከኋለኛው መኪና ወርዶ በእግሩ ደረሰብን። በሩጫ እንዳይመስላችሁ፤ እጁን ወደ ኋላ አጣምሮ፣ እየተንሸራሸረ። "ያ ዓም ኑሩ፣ ሞተሩ ንፋስ ካላገኘ ይፈላል። እባክህ ንዳት!" አለኝ። እየነዳሁ ነው አልኩት። "ይህማ መግፋት ነው" አለ። እውነትም የሙቀቱ ቀስት ቀዩን ነክቶ ነበር። ዘሐራ ከኋላ ሆና ማእዙኑ ጫማቸውን ሲያደርጉ ይታየኛል አለች። ይህን ስትል የዐስር አዛን ተሰማ።

እኔ ምን አደረግኩ? ፍሬን ረገጥኩ። ሲጨንቀኝ የማውቀው እሱን ብቻ ነው።

ሙና ያን ጊዜ ዞር ብላ አየችኝ። ባለ ተረከዙን ጫማ አወለቀች፤ ለእናቷ አቀበለች። "አባ፣ ወዲህ እለፍ" አለችኝ። የት ልለፍ? "እኔ ወደ ተቀመጥኩበት።" ልጄ፣ አንቺኮ ሙሽራ ነሽ አልኳት። "ሙሽራ የምሆነው ከደረስን ነው" አለችኝ። ዙራ መጥታ በሩን ከፈተች፤ እኔም እንደ ሕፃን ተንሸራትቼ አለፍኩላት።

ሂና የተቀባው እጇ መሪው ላይ ሲያርፍ የመኪናዋ ድምፅ ተለወጠ። ጀርባዬ ወንበሩ ላይ ተለጠፈ። ዓይኔን ጨፍኜ የማውቀውን ዱዓ ሁሉ ቀራሁ፤ ሲያልቅብኝ ከመጀመሪያው ጀመርኩ። አንድ ጊዜ ብቻ ዓይኔን ገልጬ ውኃ ሻጩን አየሁት፤ ወደ ኋላ ሲሄድ። መንዳት ማን አስተማረሽ ብዬ ጮህኩ። "ለዕቃ ወደ ድንበሩ፣ ወደ ገላባት በወጣህ ቁጥር ኡስታ መኪናዋን መንገድ ላይ ይሞክራት ነበር፤ መሪውን የምይዘው እኔ ነኝ" አለችኝ። አስተማሪሽ እሱ ነዋ? "አይደለም፣ አንተ ነህ። አታድርጊ ያልከኝን ሁሉ አደረግኩ፤ ሄደች።" የሙቀቱ ቀስት ወርዶ ነበር። ጡረተኛው እውነታቸውን ነው፤ ስትሮጥ ደስ ይላታል።

ሙሽራው ደጅ ክላክሷን እየነፋን አቧራ አስነስተን ገባን። ሴቶቹ እልል ሊሉ አፋቸውን ከፍተው እንደከፈቱ ቀሩ። ሙሽራዋ በባዶ እግሯ ከመሪው ወረደች። የሙሽራው እናት ሐጃ ሱዓድ ሙናን አዩ፣ መኪናዋን አዩ፣ በመጨረሻ እኔን ከሹፌሩ ጎን ተጣብቄ አዩኝ። ከዚያ በሰው ሁሉ ፊት፣ በሐበሻ ዘንድ ሙሽራ ራሷን ነድታ ነው የምትመጣው ወይ ብለው ጠየቁኝ።

ምን ልበል? አይደለም ካልኩ፣ ፍሬን ብቻ መርገጤን በሰው ሁሉ ፊት ልናገር ነው። ጉሮሮዬን ጠርጌ፣ "አዎን ሐጃ፣ የቆየ ባህላችን ነው። ጥንት በበቅሎ ነበር፤ ሙሽራዋ ልጓሙን ራሷ ይዛ ነው የምትገባ። አሁን በቅሎ ስለጠፋ ነው" አልኳቸው። ሐጃ ሱዓድ ዓይናቸው እንባ አቀረረ፤ እልልታው ሰማይ ነካ። ዘሐራ የያዘችውን ጫማ ወደ እኔ ልትወረውር የነበረ ይመስለኛል። መስጊዱ ቅርብ ነበር፤ በሩጫ ደረስኩ። ማእዙኑ አንድ እግራቸው ጫማ ውስጥ፣ አንዱ ውጭ ነበር። ልጄ ተዳረች፤ አልሐምዱሊላህ።

ነገሩ እዚያ ያበቃ መስሎኝ ነበር። በወሩ ጎረቤቴ እድሪስ፣ እሱም ልጁን ለሱዳኖች ሊድር የተዘጋጀ፣ ሱቄ ድረስ መጥቶ ጮኸብኝ። አማቾቹ ልጁ ምን መኪና ነድታ እንደምትመጣ ጠይቀውታል። እንዲህ ያለ ባህል የለንም ቢላቸው፣ ጋሽ ኑሩ ጥንቁቅ ሽማግሌ ናቸው፣ አይዋሹም ብለው መለሱለት። ልጅቱ ስለዚህ በየቀኑ ከሰዓት በኋላ እኔ ግቢ መሪ ትለማመዳለች።

ትናንት ደግሞ ሐጃ ሱዓድ ራሳቸው ሁለተኛዋን ሴት ልጃቸውን አስከትለው መጡ። የምታገባው የአገሯን ልጅ ነው፤ ግን የሐበሻው ሥርዓት ስላማረን በዚያው ትዳርና መንዳት አስተምርልን አሉ። እምቢ ማለት እንዴት ይሆናል? ባህሌ ነው።