የሻገተ ወለል ላይ ምንጣፍ የሚያነጥፉ ሰዎች

የቤታቸው ወለል ሥር እየሻገተ «የክረምት ጠረን ነው» የሚሉ ሰዎች ገጥመውዎት ያውቃሉ? አጎቴ አያ ደሴ ከእነዚህ አንዱ ነበሩ። ፍኖተ ሰላም ያለው ቤታቸው የጣውላ ወለሉ ከመሬት ከፍ ብሎ የተሠራ ነው። ከጓሮ የሚወርደው ጎርፍ ከሥሩ ገብቶ ይተኛል፤ ጣውላው ይሻግታል፤ ባለቤታቸውን እትዬ የሺን ክረምቱን ሙሉ ያስላቸዋል። ታዲያ አያ ደሴ መስከረም ሲጠባ ምን ያደርጋሉ? አዲስ ምንጣፍ ያነጥፋሉ!

ዘንድሮ ልጃቸውን ለጋብቻ ሊጠይቁ ሽማግሌዎች ከቡሬ መጡ። «ተቀመጡ እንጂ» ቢባሉ፣ እንደ ወጉ «የመጣንበት ሳይፈጸም አንቀመጥም» ብለው ቆሙ። ያ ሁሉ ሽማግሌ በአንድ ጣውላ ላይ! ወለሉ ተሰብሮ አንደኛው፣ መሪጌታ ናቸው፣ እስከ ጉልበታቸው ሰመጡ።

«ምነው አያ ደሴ፣ ልጅ ብንጠይቅዎ መቃብር ከፈቱልን?» አሉ።

ሁላችንም ስንስቅ እትዬ የሺ አልሳቁም። «ይህ ጣውላ ሳይነሣ፣ ሥሩም ሳይደርቅ ልጅ አልሰጥም!»

«በእንግዳ ፊት?» አሉ አያ ደሴ ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው።

«ለብቻችንማ ስንት ዓመት ነገርኩህ!»

በማግስቱ ሽማግሌዎቹ ዶማ ይዘው ተመለሱ። ከቤቱ ጀርባ የውሃ መውረጃ ቦይ መቆፈር፣ በድንጋዩ መሠረት ላይም የንፋስ መግቢያ መክፈት ጀመሩ። አያ ደሴ ቆመው ሲያዩ ቆዩና ጋቢያቸውን ጥለው ወለሉ ሥር ገቡ። ጥቁሩን ሻጋታ በእጃቸው ዳሰሱት።

«የሺ፣ ይህን ነው ስትተነፍሽ የኖርሽው?»

«ቆፍር» አሏቸው እትዬ የሺ ዶማ እያቀበሏቸው።