አንዲት ጠርሙስ ባሕር ዛፍ እና የተዘጋ መስኮት

ከምነግራችሁ ውስጥ አንዲት ቃል ውሸት ካለች፣ ይህችው የቀረችኝ ዕድሜ ትቀጭ!

የእኛ ሰው አዞ አይፈራም፤ የሚፈራው የተከፈተ መስኮት ነው። ጫሞ ሐይቅ ዳር ከአዞ ጋር ተፋጦ ዓሣ የሚያጠምድ ጎበዝ፣ ሚኒባስ ውስጥ መስኮት ገርበብ ሲል «ኧረ ዝጉት፣ ብርድ ሊመታን ነው!» ብሎ ይጮሃል። በዚህ በአርባ ምንጭ ሙቀት! እኔም ከሰሜን መጥቼ እዚሁ ሳስተምር ያረጀሁ ሰው ነኝ፤ በዚህች እምነት ግን ማንም አይበልጠኝም።

ባለፈው ጉንፋን ያዘኝ። ልጄ ሰላም የስምንት ወር ሕፃኗን ሚጣን ይዛ ከአዲስ አበባ ልትጠይቀኝ ስትመጣ፣ ጣት የምታክል ጠርሙስ አመጣችልኝ፤ የባሕር ዛፍ ዘይት። የፈላ ውሃ ላይ ሁለት ሦስት ጠብታ ብቻ፣ መስኮት ተከፍቶ ትታጠናለህ፣ አለችኝ። እንዳትጠጣው፣ እንዲሁ ገላህን እንዳትቀባው፤ ሚጣ ባለችበት ግን ጭራሽ እንዳትከፍተው አባዬ፣ የሕፃን ትንፋሽ ይዘጋል፣ ብላ አስጠነቀቀችኝ።

ሁለት ጠብታ! ባሕር ዛፍ በጆንያ አስቀቅሎ የታጠነ ሰው በጠብታ ሊታከም?

ሰላም ጓሮ ልብስ ልታጥብ ስትወጣ መስኮቶቹን ጠረቀምኩ። በበሩ ሥር ነፋስ እንዳይገባ ጨርቅ ወተፍኩ። የፈላ ውሃ ላይ ጠርሙሷን እንዳለች ገለበጥኩና የዶርዜ ጋቢዬን ተከናነብኩ። የዶርዜ ሸማኔ የሠራው ጋቢ ደግሞ እንኳን እንፋሎት ወሬ አያሳልፍም። ሚጣ ከመጋረጃ ማዶ ተኝታለች፤ ለእኔ መጋረጃ ግድግዳ ነው።

ዓይኔ ነደደ። ጉሮሮዬ ተቆለፈ። የሞቱ ዘመዶቼ በተራ በተራ መጥተው ጨበጡኝ። ሽታው ቁልቁል ወርዶ ሐይቁ ውስጥ ያሉትን ጉማሬዎች አስነጠሳቸው።

ያኔ ነው ከመጋረጃው ማዶ አንዲት ደረቅ ሳል የሰማሁት።

«ልጅቷን አውጧት!» ብዬ ጮህኩና ጋቢዬን እንደተከናነብኩ በዳበሳ ወደ በሩ ሮጥኩ። በሩ እንቢ አለ፤ የራሴው ጨርቅ ሥሩ ተሰንቅሯል። ጩኸቴን ሰምታ የመጣችው ጎረቤቴ የጫኖ ተወላጇ አስቴር በሩን በትከሻዋ ብትበረግደው፣ ጭስ የሚተፋ ነጭ ነገር ተንደርድሮ ወጣባት። «በኢየሱስ ስም! ልቀቅ ጋሼን!» እያለች በነጠላዋ ትወቅጠኝ ጀመር። እኔ ነኝ አስቴር፣ ብላት ማን ሰምቶኝ!

ሰላም በጎናችን ሾልካ ገብታ ሚጣን ነጥቃ ወደ ማንጎው ሥር ሮጠች።

ሳሉ ቆመ። ለቅሶም የለም። ዓይኔ አያይም፤ ጆሮዬን ብቻ ቀስሬ ቆምኩ። ሰላም «ሚጣዬ፣ ሚጣዬ» ትላለች። አስቴር እንኳ ጸሎቷን አቋረጠች። በሕይወቴ እንደዚያ ያለ ዝምታ ሰምቼ አላውቅም፤ እንዳልሰማም እለምናለሁ።

ሚጣ አነጠሰች። ቀጥላ ሰፈሩን በለቅሶ አናጋችው። ምን ዓይነት ውብ ለቅሶ ነው!

ጤና ጣቢያ ወሰድናት፤ ደረቷ ደህና ነው ተባልን። የእኔን ዓይን ግን የጣቢያው የውሃ ሮቶ እስኪደርቅ አጠቡት። ሰላም ቀኑን ሙሉ አላናገረችኝም፤ አልፈረድኩባትም።

አሁን መስኮቴ ክፍት ነው። ጦጣ ገብታ ሙዜን ትበላለች፤ ትብላ።

ዕድሜዬን ስላስያዝኩ ግን አንዲት ነገር ላርም። ጉማሬዎቹ ማስነጠሳቸው እውነት ነው። ዘመዶቼም ጨብጠውኛል። የፈጠርኩት አንዲት ትንሽ ነገር ብቻ ናት፤ ያኔ ጋቢው ውስጥ ሆኜ የጮህኩት «ልጅቷን አውጧት!» ብዬ አልነበረም። በዚህ ሽበቴ፣ «እማዬ ድረሽልኝ!» ነው ያልኩት።