የጋሼ ተሾመ ስድስት መቶ አሥራ ሁለት እርምጃ

ይህን ስጽፍ አንዳንዱን ነገር አዛብቼ ላስታውስ እችላለሁ። ሰዎቹ የተናገሩትን ቃል በቃል አልያዝኩትም፤ ረቡዕ ነበር ያልኩት ቀንም ሐሙስ ሊሆን ይችላል። ዝናብ ይዘንብ ነበር ባልኩበት ቦታ ግን አልከራከርም፤ መቱ ውስጥ «ዝናብ ነበር» ብሎ የተሳሳተ ሰው እስከ ዛሬ አልገጠመኝም። ቁጥሮቹንም አልጠራጠርም፤ ጽፌያቸዋለሁ። ያሳፈረኝም ይኸው መጻፌ ነው።

ለመሆኑ ልርዳዎ ብሎ ከተነሣ ሰው እንዴት ይመለጣል? ሊሰርቅ የመጣ ይጮኽበታል፤ ሊሳደብ የመጣ መልሱን ያገኛል። ጫማውን በር ላይ አውልቆ፣ ደብተር በብብቱ ይዞ፣ አንገቱን ደፍቶ «ልርዳዎ» የሚል ወጣት ግን ምን ይደረጋል? የኛ ሰው መልሱን ያውቃል፤ እሺ ይለዋል። እሺ ካለም በኋላ ይታከምለታል፤ ነገሩ ከጠና ደግሞ ይድንለታል።

የዳኑልኝ ሰው ጋሼ ተሾመ ናቸው። የመቱንና የጋምቤላን መንገድ በጭነት መኪና ሲመላለሱ ኖረው ጡረታ የወጡ ሾፌር፣ እኔ የተከራየሁባት ክፍል ባለቤት። ሁለቱንም ጉልበታቸውን ቁርጥማት ይዟቸዋል፤ የግራው ይብሳል። «ይኼኛውን የፍሪሲዮን ፔዳል በላው» ይላሉ እየዳሰሱት። የበረንዳቸውን ሦስት ደረጃ የሚወርዱት ፊታቸውን ወደ ቤቱ አዙረው፣ መሰላል እንደሚወርድ ሰው ነው። እንዳየኋቸው ባወቁ ጊዜ «ቁልቁለት ሲከብድ በኋላ ማርሽ ነው፣ ልጄ» አሉኝ። ሳቅኩ። ሌሊቱን ግን ስለ ጉልበት አነበብኩ።

እኔ ኮምፒውተር ጠጋኝ ነኝ፤ ሐኪም አይደለሁም። ነገር ግን ሰውነትን የሚያንቀሳቅሱ የቴሌቪዥን ጌሞች ቁርጥማት ላለባቸው ትልልቅ ሰዎች እንደ ስፖርት ሊያገለግሉ ይችላሉ የሚል ጽሑፍ አገኘሁ። «ሊያገለግሉ ይችላሉ» ነው የሚለው፤ «ሊ» እና «ይችላሉ» የሚሉትን ያኔ አላየኋቸውም። ከተዘጋ ጌም ቤት አንድ አሮጌ ማጫወቻ አገኘሁ። ነጭ ሪሞት በእጅ ይያዛል፤ ባሉበት ቆመው እግርዎን ሲያነሡና ሲጥሉ ቴሌቪዥኑ ውስጥ ያለው ትንሽ ሰውዬ ይሮጣል፤ እርምጃውም ከላይ ይቆጠራል። ጎረቤት ያለች ነርስ አማከርኩ። «ቀስ ብለው ይሥሩ፣ ካመማቸው ያቁሙ፣ አንተ ደግሞ አጠገባቸው ሆነህ እያቸው» አለችኝ። ከሦስቱ ምክር የመጀመሪያዎቹን ሁለቱን በደብተሬ አሰፈርኩ።

ሰኞ፣ ረቡዕና ዓርብ፣ ከቀኑ በአሥር ሰዓት፣ ጨዋታው ጋሼ ተሾመ ሳሎን ሆነ። ጎረቤታቸው እትዬ ብርቄም «ጉልበት እኔም አለኝ» ብለው ገቡ። የመጀመሪያው ቀን ጋሼ ተሾመ ሃያ ስምንት እርምጃ፣ እትዬ ብርቄ ሃያ ሁለት። የሚቀጥለው ቀን ሃያ ሰባትና ሃያ ሁለት። ሦስተኛው ቀንም እንደዚያው። ሰንጠረዥ አስምሬ ነበር፤ ባዶው ዓምድ በጣም ሰፊ ነበር። ተነፈስኩ መሰለኝ። ድምፅ አውጥቼ መተንፈሴን አላስታውስም፤ ተንፍሰሃል ተብያለሁ።

በሁለተኛው ሳምንት ጋሼ ተሾመ አንድ መቶ አሥር ገቡ። ከዚያ ሁለት መቶ። ከዚያ አራት መቶ። በስድስተኛው ሳምንት ስድስት መቶ አሥራ ሁለት!

እንዴት አልጠረጠርክም ትሉኝ ይሆናል። ትልቅ ሰው ሲያለከልክ አፍጥጦ ማየት ነውር አይደለም? እኔ ከቴሌቪዥኑ ሥር በዝቅተኛ በርጩማ ተቀምጬ፣ ለክብራቸው ስል ጀርባዬን ሰጥቻቸው፣ ቁጥሩን ከቴሌቪዥኑ መስኮት ላይ እቀዳ ነበር። ከኋላዬ ትንፋሽ ይሰማኛል፣ የእትዬ ብርቄ ሳቅ ይሰማኛል፣ አንዳንዴም የወንበር ሲጥሲጥታ። ወንበሩ ለምን ሲጥ እንደሚል መጠየቅ ነበረብኝ። ጠንቃቃ ነኝ እላለሁ እኮ።

እዚህ ላይ ቢያበቃ ጥፋቱ በሳሎን ይቀር ነበር። ሊያጌጡ ይመላለጡ እንዲሉ፣ ሌሎች ጉልበታቸው የሚያማቸው እንዲመጡ ብዬ ሰንጠረዡን በንጹሕ ወረቀት ገለበጥኩ። አማርኛውን ራሴ፣ ኦሮምኛውን ደግሞ ጓደኛዬ አስተካክሎልኝ፣ የእድራችን ቤት ግድግዳ ላይ ለጠፍኩት። የጋሼ ተሾመን ስም ከላይ፣ ቁጥሩን በቀይ።

ያላሰብኩት ነገር ቢኖር ጋሼ ተሾመ በጉልበታቸው ምክንያት ከድንኳን ተከላ ነፃ የተደረጉ የእድር አባል መሆናቸውን ነው። ነፃ ሲደረጉም ያጉረመረመ ነበር፤ «ስንቱ ታሞ እየሠራ!» የተባለውን እሳቸውም ሰምተዋል። እሑድ ስብሰባ ላይ አንዱ ተነሥቶ ወረቀቱን በጣቱ እያሳየ «ስድስት መቶ የሚሮጥ ሰው ቋሚ መሸከም ያቅተዋል? ወይስ ጉልበቱ ለሩጫ ብቻ ነው?» አለ። ቤቱ በሳቅ ፈረሰ። የእድሩ ዳኛ ኦቦ ገለታ «ሱታ፣ ሱታ! ቀስ በሉ እንጂ ኢጆሌ፣ ልጆች» ብለው ዝም አሰኙና ወደ ጋሼ ተሾመ ዞሩ። የተለጠፈው እውነት ነው ወይ ብለው ጠየቋቸው።

ጋሼ ተሾመ መጀመሪያ ወረቀቱን፣ ቀጥሎ እኔን አዩ። አሁን ሳስበው ረጅም አስተያየት ነበር። ሐሰት ነው ቢሉ እኔ በሕዝብ ፊት ልዋረድ ነው፤ እውነት ነው ቢሉ ጉልበታቸው ሊዋረድ ነው።

«እውነት ነው» አሉ። «ልጁ አድኖኛል።»

እኔ ከኋላ ቆሜ ደረቴን ነፋሁ።

ብዙ ሳይቆይ ከኛ ሰፈር ቁልቁል ካለው ቤት ሰው ሞተ። ዝናብ ነበር። ጋሼ ተሾመ የድንኳኑን ብረት ከወጣቶች እኩል ተሸክመው በጭቃው ወረዱ፤ እየወረዱም ይቀልዱ ነበር። ካስማ ሊመቱ ተንበረከኩ። መቱት። ገባ። እሳቸው ግን አልተነሡም። አንዱ «ጋሼ፣ በቃ ጠብቋል እኮ» ሲላቸው «ቆይ፣ አፈሩን ልደልድለው» አሉና የጠበቀውን አፈር በመዳፋቸው መደብደብ ጀመሩ። ደበደቡት፣ ደበደቡት። እኔም፣ ይህን ብረሳው ደስ ባለኝ፣ ጠጋ ብዬ «ጋሼ፣ እንደ ዓርቡ ሩጫ ያድርጉት እንጂ!» አልኳቸው። ቀና ብለው ፈገግ አሉልኝ። ከንፈራቸው ነጭ ነበር። ለሁለት በብብታቸው ይዘን አነሣናቸው።

ቤት አድርሰናቸው ስንወጣ እትዬ ብርቄ በረንዳው ላይ ያዙኝ።

«አንተ ልጅ፣ ዓይንህን ለማን አበደርከው?» አሉ። «ተቀምጠን እኮ ነው የምንሮጠው!»

አልገባኝም አልኳቸው። አስረዱኝ። ቁጥሩ አልጨምር ሲል ተንፍሼ ነበር፤ ፊቴም እንደ ነሐሴ ሰማይ ጠቁሮ ነበር። ጋሼ ተሾመ «ይኼ ልጅ ሊታመምብን ነው» ብለው ተጨነቁ። አንድ ቀን ደክሟቸው ቁጭ እንዳሉ ሪሞቱን ቢነቀንቁት ቁጥሩ ዘለለ፤ እኔም በርጩማዬ ላይ ዘለልኩ። «እንዲህ ደስ ካለህማ ብለን ነቀነቅን» አሉ እትዬ ብርቄ። «ክንዴ እስኪዝል ነቀነቅኩልህ። አሁን ክንዴንም ያመኛል።»

እኔ አክብሬ ጀርባዬን ሰጠሁ፤ እነሱ አክብረው ከጀርባዬ ነቀነቁ። በመካከል የሰው ጉልበት ሄደ።

ሳላረጋግጥ አልናገርም ብዬ ወንበር ላይ ተቀመጥኩ፤ በግራ እጄ ሻይ ይዤ በቀኜ ሪሞቱን ነቀነቅኩ። ስድስት መቶ አርባ። ሻዩ አልፈሰሰም። ከዚያ ማስተባበያ ልጽፍ ሦስት ጊዜ ጀመርኩ፤ ሦስቱም ጋሼ ተሾመን ውሸታም የሚያደርጉ ሆኑብኝ። ወረቀቱን ከግድግዳው ገንጥዬ ኦቦ ገለታ ዘንድ ሄድኩና ጥፋቱ የእኔ ነው፣ መሣሪያው እግር ባይነሣም እጅ ሲነቀነቅ ይቆጥራል አልኳቸው።

«እኛስ መች ጠፋን?» አሉ ኦቦ ገለታ። «ደረጃ በኋላው የሚወርድ ሰው ስድስት መቶ ይሮጣል?»

ታዲያ ለምን ዝም አላችሁ ብዬ በድፍረት ጠየቅኩ። ገርሟቸው አዩኝ። «ሰውዬው በራሱ አፍ ድኛለሁ እያለ፣ የለም አልዳንክም ይባላል?» አሉኝ። ጋሼ ተሾመ በዚያው ቀን እንደገና ከድንኳን ሥራ ነፃ ሆኑ፤ የነፃ መውጣቱ ምክንያት አሁን በደንብ ያበጠ ስለነበር ያጉረመረመ አልነበረም።

የቀረኝ መዝገቡን ከመሣሪያው መደምሰስ ነበር። ስከፍተው በጋሼ ተሾመ ስም የተቀመጡ፣ እኔ የማላውቃቸው ቁጥሮች አገኘሁ። ማክሰኞና ሐሙስ ጠዋት፣ እኔ ሥራ ላይ በምሆንበት ሰዓት። ሠላሳ አንድ። ሠላሳ ሦስት። ሠላሳ ሁለት። አርባ። እንዲህ እየተንፏቀቀ፣ ድንኳኑ የተተከለበት ሳምንት ማክሰኞ ላይ ሃምሳ ሁለት ይልና ይቆማል።

ሄጄ ማን ነው የተጫወተው አልኳቸው። እግራቸውን ትራስ ላይ ዘርግተው ነበር።

«እኔ ነኛ።»

«ቆመው?»

«የወንበሩን መደገፊያ ይዤ። ሲያመኝ አቆማለሁ። ብለህ የለ?»

ታዲያ ለምን አልነገሩኝም ስላቸው ከእኔ ይልቅ እሳቸው አፈሩ። «ስድስት መቶ በቀይ የጻፈ ልጅ ፊት ሃምሳ ሁለት ይባላል?» አሉ።

መዝገቡን አልደመሰስኩትም። እብጠቱ ሲጎድልና ነርሷ ስትፈቅድ፣ በርጩማዬን አዙሬ ፊት ለፊታቸው ተቀመጥኩ። ደብተር አልያዝኩም። በአንድ እጃቸው የወንበሩን መደገፊያ፣ በሌላው ሪሞቱን ይዘው ተነሡ፤ እያንዳንዱን እርምጃ በዓይኔ አየሁ፣ በአፌም ቆጠርኩ። ስናቆም መሣሪያውንም አመሳከርኩ፤ ከእኔ ጋር ተስማምቷል። አሥራ ዘጠኝ ነው።