ላድርስህ
በበረዶ ቀን በብስክሌት ሥራ የሚሄድ ሐበሻ አይታችሁ ታውቃላችሁ? እኛ ኦሮራ ከተማ አንድ አለን፤ ታደሰ ይባላል። መኪናው ቤቱ ቆማለች፤ እሱ ግን ብስክሌት ይወዳል። ይኼን ማን ያምናል? ፖሊሶች የመንጃ ላይሰንሱን ቀምተውት ነው ብለን አዘንን፤ ቸርችም የጸሎት ርዕስ አደረግነው።

አንድ ጠዋት ኮልፋክስ መንገድ ላይ አየሁትና መኪናዬን ዳር ፑል ኦቨር አድርጌ፣ «ግባ፣ ላድርስህ» አልኩት።

«ዛሬ አንተ አራተኛ ነህ» አለኝ። «እኔን የሚያስረፍደኝ በረዶው አይደለም፤ ሐበሻ ነው።»

ልነሳ ስል ጎማዬ በረዶው ውስጥ ባዶውን ይሽከረከራል። ታደሰ ቢገፋ፣ ቢገፋ አልወጣ አለ።

«በል ከኋላ ተፈናጠጥ፤ ላድርስህ።»

ምን ምርጫ ነበረኝ? ተፈናጠጥኩ።

ከሥራ ስመለስ ሚስቴ በር ላይ ጠበቀችኝ። አምስት ሰው ደውሎላታል።

«ለምን ደበቅከኝ?» አለችኝ እንባዋ እየመጣ። «ላይሰንስህን መቼ ነው የቀሙህ?»